ልጃችሁን አስቤዛ መግዛት አስተምሩት፦ ከዝርዝሩ እስከ መልሱ

ልጅ መላክ ሁላችንም እንችላለን። «ሂድና ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ይዘህ ና፣ መልሱን እንዳትጥል» ብለን ብሩን እናስጨብጠዋለን። ይሄዳል፣ ያመጣል። ችግሩ የሚታየው ያው ልጅ አድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ ብቻውን መኖር ሲጀምር ነው። የወሩ ብር በሁለት ሳምንት ያልቅበታል። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ለስንት ቀን እንደሚበቃ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሲላክ ኖረ እንጂ ገበያ ወጥቶ አያውቅም።

የተላከ ልጅ ምንም አይወስንም። ምን እንደሚገዛ፣ ስንት እንደሚገዛ፣ ከማን እንደሚገዛ ወስነን የላክነው እኛ ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ሥራ ነው፦ ውሳኔውን ቀስ በቀስ ለልጁ ማስረከብ። ብዙ ወላጅ ሞክሮ የሚተወው ሁሉንም በአንድ ቀን ስለሚያስረክብ ነው። እኔም ያደረግሁት እሱን ነው። ትልቋን ልጄን፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ዘጠኝ ዓይነት ነገር የተጻፈበት ወረቀትና 500 ብር ሰጥቼ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ መሃል አቆምኳት። አራተኛው ዕቃ ላይ ብሩ ሊያልቅ ሲል አለቀሰች። ዘንቢሉን ተቀብዬ የቀረውን ራሴ ገዛሁ። ከዚያ ለሦስት ወር ገበያ እንሂድ ብላት እሺ አላለችኝም። ይሄኛው ቅደም ተከተል ከዚያ በኋላ ከሁለቱም ልጆቼ ጋር የሄድንበት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የምጠራቸው ዋጋዎች ለሂሳብ ማሳያ ብቻ ናቸው። የእናንተን ሰፈር ዋጋ አስገቡበት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ልጁ የብር ዓይነቶችን መለየትና እስከ 1000 መደመርና መቀነስ መቻል አለበት። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን ደረጃዎች መጀመር ይቻላል። ብቻውን ወጥቶ መግዛት ግን እስከ 10 ዓመት ገደማ ይቆይ። የሰፈሩ መንገድ መኪና የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆይ።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ሁለት ዝርዝር። አንዱ የሚገዛው ነገር የሚጻፍበት ነው። ሁለተኛው ዝርዝር ብር ነው። በጀቱ 600 ብር ከሆነ ሦስት ባለ 100፣ አራት ባለ 50፣ አስር ባለ 10 አድርጋችሁ ስጡት። ባለ 200 አትስጡ። መልስ ላይ የሚፈጠረው ግማሹ ጣጣ ከትልቅ ብር ነው የሚመጣው።
- ሁለት ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ። አንዱ ለድንችና ለሽንኩርት፣ ሌላው ለቲማቲምና ለጎመን።
- አንድ ትንሽ ደብተርና እርሳስ። ስልክ ላይ አይጻፍ። ልጁ ስልክ ከያዘ ዓይኑ ሚዛኑ ላይ አይሆንም።
- አንድ ፖስታ። የአስቤዛው ብር እሱ ውስጥ ብቻ ይቀመጣል።

በቴሌብር መክፈል የለመዳችሁ ለዚህ ሥራ ለጊዜው ተዉት። ልጁ ብሩ ከፖስታው እየሳሳ ሲሄድ በዓይኑ ማየት አለበት። የሚስጥር ቁጥራችሁንም ለልጅ አትንገሩ፣ «ቶሎ ክፈልና ና» ለማለት እንኳ ቢሆን።

ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሁን፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 4። የበዓል ሳምንት አትጀምሩ። ገበያው ይጨናነቃል፣ ዋጋውም የወትሮው አይደለም። ልጁ በልቶ ይውጣ። የራበው ልጅ ዓይኑ ብስኩት ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ጓዳውን እሱ ይቁጠር

ብዙ ሰው ከገበያው ይጀምራል። አትጀምሩ። ጓዳ ነው መጀመሪያው።

1. ልጁ ደብተሩን ይዞ ጓዳ ይግባ። ሦስት ዓምድ ያስምር፦ «አለ»፣ «ሊያልቅ ነው»፣ «የለም»።
2. እያንዳንዱን ዕቃ ራሱ ከፍቶ ይይ። ጣሳውን ያንሳ፣ ያወዛውዝ፣ ክዳኑን ይክፈት። እናንተ በር ላይ ቁሙና ዝም በሉ።
3. ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ባለፈው የገዛነው ሽንኩርት ስንት ቀን ቆየ?» አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ የሚገዛበትን ቀን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ሲያልቅ ደግሞ ያለቀበትን።

ትንሹ ልጄ መጀመሪያ ቀን የሽሮውን ጣሳ አንስቶ ጆሮው አጠገብ አወዛወዘው። «ብዙ አለ» ብሎ ጻፈ። ክፈተው አልኩት። ጣሳው ውስጥ የነበረው ማንኪያው ነበር እንጂ ሽሮው ከሥር ተጣብቆ ቀርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይከፍት አይጽፍም።

ተጠንቀቁ፦ የረሳውን አትንገሩት። ጨው ቢረሳ፣ ጨው ይርሳ። ማክሰኞ ወጡ አልጫ ሲሆን ራሱ ያስታውሳል። መድኃኒትና የሕፃን ወተት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፣ እነሱን እናንተ ያዟቸው።

ደረጃ 2፦ ኪሎን በእጁ ይወቅ

ልጆች «ግማሽ ኪሎ» የሚለውን ቃል ያውቁታል። በእጃቸው ግን አያውቁትም። በእጁ ካላወቀው ሚዛን የሚያጎድል ሲመጣ አይገባውም።

ሚዛን አያስፈልጋችሁም። ያልተከፈተ ባለ 500 ግራም ፓስታ አምጡ። አንዱ ግማሽ ኪሎ ነው፣ ሁለቱ አንድ ኪሎ። በአንድ እጁ ፓስታውን ይያዝ፣ በሌላው ድንች እየጨመራችሁ «ሲስተካከል ንገረኝ» በሉት። ከዚያ ድንቾቹን ይቁጠር። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ለሦስት ቀን ይበቃል።

ሩቡ ላይ ብዙዎቹ ይደናገራሉ። የቀረውን የፓስታ ጨዋታ ትታችሁ እዚህ ላይ ቆዩ። አንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት 280 ብር ከሆነ ሩቡ ስንት ነው? ሁለቴ ለሁለት ማካፈል አስተምሩት፦ ግማሹ 140፣ የግማሹ ግማሽ 70። ለአራት አካፍል ከማለት ይሄ ይቀለዋል፣ ቆሞም በቃሉ ይሠራዋል።

ደረጃ 3፦ ብሩ አይንቀሳቀስም፣ መጠኑ ነው የሚንቀሳቀሰው

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። በጀት ማለት ለልጅ እንዲህ ነው፦ ፖስታው ውስጥ ያለው ብር አይጨመርም። ዋጋ ከጨመረ የምንቀንሰው መጠን ነው፣ ወይም አንዱን ነገር ነው።

ልጁ ዝርዝሩን በሦስት ይክፈል፦ የግድ፣ ቢቻል፣ ቢተርፍ። ራሱ ይክፈለው። ጣፋጭ ነገር «የግድ» ውስጥ ቢያስገባ አትሳቁበት። «ይሄ ከሌለ ምሳ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ራሱ ያወጣዋል።

ከ600 ብሩ ላይ 60 ብር ለብቻው ይቀመጥ። መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያቅደው በ540 ነው። ለአንድ ሳምንት አትክልት እንዲህ ብንል፦

- ሽንኩርት 2 ኪሎ በ90፦ 180 ብር
- ቲማቲም 1 ኪሎ፦ 70 ብር
- ድንች አንድ ኪሎ ተኩል በ50፦ 75 ብር
- ካሮት ግማሽ ኪሎ በ60፦ 30 ብር
- ጎመን 2 እስር በ25፦ 50 ብር
- ቃሪያ ሩብ ኪሎ በ120፦ 30 ብር
- ነጭ ሽንኩርት ሩብ ኪሎ በ280፦ 70 ብር

ድምሩ 505 ብር። ከ540 በታች ነው፣ ያልፋል።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ጠይቁት፦ «ገበያ ስትደርስ ሽንኩርት 120 ገብቶ ብታገኘውስ?» ሁለት ኪሎው 240 ይሆናል፣ ድምሩ 565። ከ540 አለፈ። መልሱን አትንገሩት። የልጄ የመጀመሪያ መልስ «60 ብሩን እወስዳለሁ» ነበር፣ የሁሉም ልጅ መልስ ይሄ ይመስለኛል። አይሆንም በሉት፤ መጠባበቂያው ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ነው፣ ይሄን ግን አስበነዋል። ትንሽ ቆይቶ ይደርስበታል፦ አንድ ኪሎ ተኩል ከገዛ 180 ብር ነው፣ ድምሩ ተመልሶ 505። በዚህ ሳምንት ወጡ ላይ ሽንኩርት ይቀንሳል ማለት ነው። ሌላ ልጅ ሽንኩርቱን እንዳለ ትቶ ከካሮቱና ከነጭ ሽንኩርቱ ላይ ይቀንሳል። ያም ትክክል ነው። የቀነሰውን እሱ ይምረጥ።

ይሄን ጨዋታ ሦስት አራት ጊዜ፣ ዋጋውን እየቀያየራችሁ፣ ቤት ውስጥ ተጫወቱት። ገበያ ላይ ሲደርስበት አያለቅስም።

ደረጃ 4፦ አንድ ቀን ሳትገዙ ውጡ

ዘልላችሁ እንዳታልፉት። አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዛችሁ ውጡና ምንም አትግዙ። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች ብቻ፣ ከሦስት ቦታ ዋጋ ይጠይቅ፦ ከሰፈሩ ጉሊት፣ ከአትክልት ቤት፣ ካለ ደግሞ ከእሁድ ገበያ ወይም ከሸማቾች ሱቅ። ደብተሩ ላይ ይጻፈው።

አጠያየቁን አለማምዱት። በቅድሚያ ሰላምታ። «እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ሽንኩርት ኪሎው ስንት ነው?» ነገሩን ሳይነካ ይጠይቅ። ገበያ ላይ ሰው ሲበዛ ወደ ኋላ ይበል፣ የሚገዛ ሰው ይቅደም። ካልገዛም «አመሰግናለሁ፣ ዞር ብዬ እመጣለሁ» ብሎ ይሂድ።

ጉሊት ላይ ብዙ ነገር በመደብ ነው የሚሸጠው፣ አይመዘንም። ልጁ «መደቡ 20፣ ኪሎው 50፣ መደቡ ረከሰ!» ይላል። መደቡ ስንት ግራም ነው? በሌላ ቀን አንድ መደብ ገዝታችሁ ቤት ከፓስታው ጋር ያስተያየው። 300 ግራም ገደማ ከሆነ ኪሎው 67 ብር አካባቢ መጣ ማለት ነው፣ ከሚዛኑ ተወደደ። ግማሽ ኪሎ ከሞላ ደግሞ 40 ነው፣ ረከሰ። ማወቅ የሚቻለው እንዲህ ነው።

ደረጃ 5፦ ዕቃ መምረጥ

ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ወይም ሁለት ምልክት ብቻ አስተምሩት። ከዚያ በላይ አይያዝም።

*ሽንኩርት።* አንገቱን በአውራ ጣቱ ይጫን። ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው። ከረጠበ ወይም ከገባ ከውስጥ ጀምሯል። ልጣጩ ላይ ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ይተወው። የበቀለውንም ይተው። ልጄ አሁን አንገቱን ተጭና ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች፣ የበሰበሰውን ከመታየቱ በፊት በጠረኑ ታውቀዋለች።

*ቲማቲም።* ሁሉንም ቀይ አይምረጥ። ዛሬና ነገ የሚበላውን የበሰለ፣ ለረቡዕና ለሐሙስ ጠንከር ያለውን። ይሄን ያልተማረ ልጅ አንድ ኪሎ ለስላሳ ቲማቲም ያመጣና ማክሰኞ ግማሹ ይጣላል። የተጣለ ቲማቲም ርካሽ አይደለም።

*ድንች።* አረንጓዴ የሆነውን በፍጹም አይውሰድ። ብርሃን ሲመታው አረንጓዴ ይሆናል፣ መራራ ይሆናል፣ ሆድም ያማል። የበቀለውንም እንዲሁ።

*ጎመን።* እስሩን ፈታ አድርጎ መሃሉን ይይ። ውጩ አረንጓዴ፣ መሃሉ ቢጫ የሆነ እስር ብዙ ነው።

*እንቁላል።* አንድ በአንድ አንስቶ ዙሪያውን ይይ፣ የተሰነጠቀ አይግዛ። ቤት ሲደርስ ውኃ ውስጥ ይክተተው፦ ከሥር ከተኛ ትኩስ ነው፣ ከቆመ ቶሎ ይበላ፣ ከተንሳፈፈ ይጣል። ልጆች ይሄን ይወዱታል፣ በየሳምንቱ ያድርጉት።

*ምስርና ሽሮ እህል።* እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይበትነው። ድንጋይ፣ ነቀዝ፣ አቧራ ይታያል። ከመዝገኑ በፊት ግን ያስፈቅድ።

ጉሊት ላይ «ላገላብጥ እትዬ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አንዳንዷ አይሆንም ትላለች። መብቷ ነው። ያኔ ልጁ ከላይ ያማረውን ብቻ አይቶ አይግዛ፣ ወደሚቀጥለው ይሂድ።

ደረጃ 6፦ የመግዛቱ ቅደም ተከተል

ይሄን በቃሉ ይያዘው። ከቤት ሲወጣም አንዴ ይድገምላችሁ።

1. ዋጋ ይጠይቃል።
2. በጀቱ ውስጥ መሆኑን ደብተሩ ላይ ያያል።
3. ዕቃውን ይመርጣል።
4. ሚዛኑ ባዶ ሲሆን ያየዋል። ባለ ሁለት ሳህን ከሆነ ሁለቱ ሳህኖች እኩል መቆም አለባቸው፤ በቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ዜሮ።
5. ሲመዘን ዓይኑን ከሚዛኑ አያነሳም።
6. «ትንሽ ይመርቁልኝ» ይላል።
7. ስንት እንደሰጠ ጮክ ብሎ ተናግሮ ይከፍላል፦ «100 ብር ነው የሰጠሁዎት»።
8. መልሱን እዚያው ቆሞ ይቆጥራል።
9. ብሩን ከቦርሳው ከከተተ በኋላ ዕቃውን ያነሳል።
10. ዋጋውን ጽፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

7ኛውና 8ኛው ላይ ልጆች ያፍራሉ። ሰው ከኋላ ቆሞ ሲጠብቅ መቁጠር ያስፈራቸዋል። ቤት ውስጥ እናንተ ባለሱቅ ሆናችሁ አለማምዱት፣ ሆን ብላችሁም 10 ብር አጉድሉበት። እስኪያገኘው ድረስ ዝም በሉ።

ቅደም ተከተሉ ውስጥ ከባዱ በመጀመሪያ፣ ለስላሳው በመጨረሻ ይገዛ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ከዚያ ቃሪያና ጎመን፣ መጨረሻ ቲማቲም። የልጅ ትከሻ ላይ ከ3 ኪሎ ብዙ በላይ አታድርጉ። ከላይ ያለው ዝርዝር ከ5 ኪሎ በላይ ስለሆነ ወይ ተከፋፈሉት ወይ በሁለት ቀን ይገዛ።

ዋጋ ስለ ማስቀነስ አንድ ነገር ልበል። ልጄ ዋጋ ሲያስቀንስ ማየት ደስ ይለኛል፣ ግን ወሰን አድርጌለታለሁ። አንዴ ይጠይቃል፦ «ትንሽ አይቀንሱልኝም?» ቁርጥ ዋጋ ነው ከተባለ ይበቃል። የሰውን ዕቃ እያጣጣለ አያስቀንስም። ጉሊት ላይ ፀሐይ ሲመታት የምትውል እናት ከሁለትና ከሦስት ብር ትርፍ ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ይሄን ልጁ ማወቅ አለበት። መቆጠብ ከፈለገ ሌላ መንገድ አለው፦ ወደ ማታ፣ ጉሊቶቹ ሊነሱ ሲሉ፣ ጎመንና የበሰለ ቲማቲም ራሳቸው ይቀንሳሉ። ለዚያው ምሽት ለሚበላ ነገር ጥሩ ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ ኋላ በሉ

- 1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ እናንተ ትገዛላችሁ፣ እሱ ይከፍላል፣ መልስ ይቆጥራል፣ ይጽፋል።
- 3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ እሱ ይገዛል። እናንተ አጠገቡ ናችሁ፣ አትናገሩም። ሻጩ እናንተን አይቶ ቢያናግራችሁ «እሱ ነው የሚገዛው» በሉ።
- 5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ አስር እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ።
- ከዚያ በኋላ፣ ዕድሜውና መንገዱ ከፈቀደ፦ ሦስት ነገር ብቻ ይዞ፣ ከለመደበት ቦታ፣ በቀን ብርሃን፣ ብቻውን።

ብቻውን ሲወጣ ብሩ በሁለት ቦታ ይሁን፤ ሁሉንም አውጥቶ አይቁጠር። «እናትህ ልካኝ ነው፣ ብሩን ስጠኝ» የሚለው ማንም ቢሆን አይስጥ። ብር ቢወድቅበት መኪና መንገድ ላይ አይሩጥ። ይሄን በግልጽ ንገሩት፦ ብሩ ቢጠፋ አንቆጣም።

ከመውጣታችሁ በፊት የስህተት ጣሪያ ወስኑ። እኔ ጋ 50 ብር ነው። ከ50 ብር በታች የሆነ ስህተት ሲሠራ አያለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ ቤት እናወራበታለን። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰው ከሰደበው፣ ወይም አደጋ ካለ እገባለሁ። ጣሪያ ያልወሰነ ወላጅ በእያንዳንዱ ካሮት ላይ ይገባል።

ደረጃ 8፦ ቤት ሲገባ

ዕቃውን እሱ ያስቀምጥ። ሽንኩርት አየር የሚያገኝ ደረቅ ቦታ፣ ድንች ጨለማ ቦታ፣ ሁለቱ ተለያይተው። ከዚያ ፖስታው ይቆጠር። የወጣው ከቀረው ጋር ተደምሮ 600 መምጣት አለበት። ካልመጣ አብራችሁ ፈልጉት፣ ግን ከ10 ደቂቃ በላይ አይሁን።

የተረፈው ብር ለማን ነው? ይሄን በጥንቃቄ አድርጉት። እኔ መጀመሪያ «የተረፈው ያንቺ ነው» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ የተጨማደደ ቲማቲምና ፍሬ የማያህል ድንች ይዛ መጣች፣ 140 ብር ተርፏታል። ብልህ ናት፣ ያልኳትን ነው ያደረገችው። አሁን ደንቡ ሌላ ነው፦ ዝርዝሩ ሞልቶ፣ ዕቃው ደህና ሆኖ የተረፈ ብር ፖስታው ውስጥ ይቀራል፤ በወሩ መጨረሻ ልጁ ለቤቱ ሁሉ የሚሆን አንድ ነገር ይመርጥበታል። ባለፈው ወር አቮካዶና ማንጎ መርጣ ስፕሪስ ጠጣን።

ሱፐርማርኬትና ሱቅ ሲሆን

ሁለት ነገር ብቻ ይለያል።

አንደኛው ቀን ነው። ብዙ የታሸገ ነገር ላይ የሚጻፈው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2018 ዓ.ም. ውስጥ ያለ ልጅ 2025 የሚል ሲያይ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ይላል፣ በራሴ ጆሮ ሰምቼዋለሁ። ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የፈረንጅ ቀን ደብተሩ አናት ላይ ይጻፍ፣ ከሱ ጋር ብቻ ያስተያይ። የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀንም ይለይ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ ይምታታሉ።

ሁለተኛው «ትልቁ ይረክሳል» የሚለው እምነት ነው። ዘይት አንድ ሊትሩ 300፣ ሦስት ሊትሩ 840፣ አምስት ሊትሩ 1450 ብር ነው እንበል። ያካፍለው። ባለ ሦስቱ በሊትር 280 ነው፣ ባለ አምስቱ 290። ትልቁ ተወደደ። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ያካፍል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*«መልስ የለኝም» ብለው ማስቲካ ቢሰጡት።* ትንሹ ልጄ አንድ ሱቅ ውስጥ በ10 ብር ምትክ አራት ከረሜላ ይዞ ደስ ብሎት መጣ። እንዲህ እንዲል አስተምሩት፦ «ጋሼ፣ ብሩን ነው የምፈልገው፣ ካልሆነ በሱ ጨው ይስጡኝ»። ከዝርዝሩ ላይ ያለ ነገር ይጠይቅ። ለዚህ ነው ዝርዝር ብር የሰጣችሁት።

*የተቀደደ ወይም የተለጠፈ ብር ቢመልሱለት።* እዚያው «ይቀይሩልኝ» ይበል። ከሄደ በኋላ ሻጩ አይቀይርለትም፣ ታክሲውም አይቀበለውም።

*ብሩ መሃል ላይ ቢያልቅ።* አትጨምሩ። «ቢተርፍ» ያለው ይቅር፣ ከዚያ «ቢቻል»። ከ«የግድ» ላይ ከጎደለ ግን መጠባበቂያውን ይውሰድ፣ ደብተሩ ላይ ለምን እንደወሰደ ይጻፍ።

*ሚዛን ቢጎድል።* ቤት ደርሳችሁ ካወቃችሁ ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ እናንተ ተናገሩ፣ እሱ ይስማ። በትህትና። ካልተስተካከለ ከዚያ ቦታ ዳግም አትግዙ፤ ልጁ ደብተሩ ላይ ምልክት ያድርግበት።

*በዓል ሲደርስ።* ለዶሮ ወጥ ብዙ ሽንኩርት ስለሚፈለግ የበዓል ሰሞን ይወደዳል፣ እንቁላልም እንደዚሁ። የሽንኩርቱን ዝርዝር ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጁ ያውጣ። ደረቅ ሽንኩርት አየር እያገኘ ይቆያል። እንቁላል ግን አታከማቹ።

*ልጁ ስለ ገንዘብ መጨነቅ ከጀመረ።* ይሄን የጻፈ ሰው አላየሁም፣ ግን ይመጣል። ትንሹ ልጄ በሦስተኛው ወር ቁርስ ላይ ሁለተኛ እንቁላል አልፈልግም አለኝ። ለምን ብለው «ያልቃል» አለ። ልቤን ነካኝ። ፖስታውን አምጥቼ አስቆጠርኩት፣ የሳምንቱ እንቁላል ተከፍሎበታል፣ የተገዛው እንድትበላው ነው አልኩት። በላ። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ለሁለት ሳምንት ደብተሩንም ፖስታውንም ውሰዱለት፣ ስለ ኑሮ ውድነትም እሱ ፊት አታውሩ። ከዚያ ራሱ ገበያ እንሂድ ሲል ከደረጃ 4 ጀምሩ፣ ሳይገዛ ዋጋ ብቻ እየጠየቀ።